ኃይሉ ለጊዮርጊስ የተሳለው ጃንጥላ

ከባለቤቴ ከኃይሉ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ታክሲውን ማጽዳት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ማዶ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ እኔ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አጠገብ ያለ ነዳጅ ማደያ። እሱ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል፣ እኔ የኋላውን ወንበር በቫኪዩም እጠርጋለሁ። ከወንበሩ ሥር አንድ ጥቁር ጃንጥላ አወጣሁ። ተሳፋሪ ረስቶት የወረደ ነው።

«እየው፣ ጃንጥላ አገኘሁ» አልኩት።

መወልወሉን አቆመ። «እኔም እኮ ጃንጥላ አለብኝ» አለ።

ትዳራችን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ግሪክ አገር እንደኖረ አውቃለሁ፤ ጃንጥላ አለብኝ ሲል ግን የዚያን ቀን ገና መስማቴ ነው። በደርግ ጊዜ መርከበኛ ነበር። መርከባቸው ለጥገና ሲሮስ የምትባል የግሪክ ደሴት ገባች፤ ወደቡ ያለበት ከተማ ኤርሙፖሊ ይባላል። መርከቧ ተጠግና ስትወጣ ኃይሉ ቀረ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት በሚያስቀምጥበት ክፍል ደበቀው። ፖሊስ ስለሚፈራ ደጅ አይወጣም። በመስኮቱ የሚታየው ኮረብታ ጫፍ ላይ የተሠራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ቢጠይቅ ዳቦ ጋጋሪው «ሳን ጆርጂ» አለው። ኃይሉ ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ዘልሎ ተነሣ። «ጊዮርጊስዬ፣ እዚህም አለህ እንዴ!» ብሎ እዚያው ተሳለ፤ በሰላም ካወጣኸኝ ጃንጥላ ይዤልህ እመጣለሁ ብሎ።

«ታዲያ ለምን አላስገባህም?» አልኩት።

«ዛሬ ነገ ስል ነዋ። መጀመሪያ ወረቀት የለኝም፤ ቀጥሎ አንቺን ማምጣት ነበረብኝ፤ ቀጥሎ ልጅ መጣች፤ ቀጥሎ ይኼ ታክሲ።» ሳቀ። «ለከርሞ አብረን እንሄዳለን፤ አንቺም ባሕር ታያለሽ።»

ማክሰኞ ቀን፣ ክሪስታል ሲቲ ሰው አውርዶ፣ መሪው ላይ እንደተደፋ ሞተ።

ስለት ተስሎ ሳያስገባ ስለቀረ ሰው ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ። ጊዮርጊስ በጃንጥላ ምክንያት ሰው ይወስዳል ብዬ አላምንም። ግን ደግሞ አላምንም ካልኩ በኋላ ዕቃ እያጠብኩ ቆሜ እቀራለሁ፤ ውኃው ይፈስሳል። የኃይሉ ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ ከደሴ ሲደውሉ ነገርኳቸው። ቀብሩ ላይ መድረስ ስላልቻሉ ያዘነው ልባቸው ገና አልበረደም። «ያልገባ ስለት ነፍስን ደጅ ያስቆማል፤ ወንድሜን ከደጅ አስገቢልኝ» አሉኝ። ይዤ ሄጄ አስገባለሁ አልኳቸው።

ልጄ ሳራ ስትሰማ «ማሚ፣ ዊ ካን ጀስት ሜይል ኢት» አለችኝ።

«ጊዮርጊስ በፖስታ አይቀበልም» አልኳት። ትኬቱን ግን የቆረጠችልኝ እሷ ናት።

ጃንጥላው ከአዲስ አበባ በሰው መጣልኝ፤ ግሪንቤልት ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ፣ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ በላዩ ተጠልፎበታል። በጨርቅ ጠቅልዬ ኤርፖርት ስደርስ ፈታሹ አስፈታኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጃንጥላ።»

«ለዝናብ ነው?»

«አይደለም፤ ለጊዮርጊስ ነው።»

«ሚስተር ጆርጅ አብሮዎት ነው የሚጓዘው?»

«እዚያው ነው የሚጠብቀኝ» አልኩ። ኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ እያጉረመረመ ነበር። የእጀታውን ጫፍ በጣቱ ሞከረው፣ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ደግሞ ከፍቶ ዘረጋው። ጫማውን አውልቆ የቆመ መንገደኛ ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ለታቦት የተሠራ ጥላ ኤርፖርት መካከል ተዘርግቶ ሳይ ልሳለም ምንም አልቀረኝ።

ከአቴንስ ወደብ በትልቅ ጀልባ ግማሽ ቀን ሄድኩ። ባሕሩን እንዳይ ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ነው። ከተማዋ ብቅ ስትል ደነገጥኩ። ደሴን አውቃችሁ እንደሆነ፣ ቤቱ ሁሉ ተራራው ላይ ተደራርቦ አንዱ የአንዱን ጣሪያ እንደረገጠ ነው፤ ደሴ ባሕር ቢኖራት ይህቺን ትመስል ነበር። ብርዱ የለም እንጂ። ወደቡ ዳር በእብነ በረድ የተነጠፈ መንገድ፣ ባለጠጎች የነበሩ ሰዎች የሠሩት የድሮ ትልልቅ ቤት፣ በስተግራ የመርከብ መጠገኛው ክሬን። ኮረብታው ግን ሁለት ነው። በሁለቱም ጫፍ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኃይሉ ሁለት ነው አላለኝም፤ ከመስኮቱ የሚታየው አንዱ ብቻ ኖሯል።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት ሶፊያ የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ አውስትራሊያ ኖራ ስለተመለሰች እንግሊዝኛ ትችላለች። የአገሩ ገንዘብ ዩሮው የተናጋበት ሰሞን ስለነበር እንግዳ የለም፤ እኔን ስታይ ደስ አላት። ጃንጥላውን ግን በጥርጣሬ አየችው።

«ለባሕር ዳርቻ ከሆነ አትድከሚ፤ እዚያ ከመጋደሚያው አልጋ ጋር ይሰጡሻል።»

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና በመስኮቱ አንዱን ኮረብታ አሳየችኝ። «ሳን ጆርጂ ያ ነው። ግን የእኛ አይደለም፤ የካቶሊኮች ነው። የኦርቶዶክሱ ወዲያኛው ኮረብታ ላይ ያለው የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ጊዮርጊስ እኮ ነው!»

«ጊዮርጊስ ነው፤ የካቶሊኮች ጊዮርጊስ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኛ ምንም ጠብ የለንም፤ ፋሲካንም በአንድ ቀን ነው የምናከብረው።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለእትዬ በላይነሽ ደወልኩ።

«ካቶሊክ ማለት ምን ማለት ነው? ጊዮርጊስ ካቶሊክ ሆነ?»

«ቤቱ ነው እትዬ፣ እሱማ ያው ጊዮርጊስ ነው።»

«ወንድሜ ካቶሊክ ነበር ልትይኝ ነው አስቴር?»

«ኧረ በፍጹም! አላወቀም። ወጥቶ አላየውም፤ በመስኮት ነው የተሳለው።»

«ስለት የሚገባው የተሳሉበት ነው» አሉ። እፎይ ልል ስል ደግሞ «ግን ካቶሊክ ቤት እንዳታስገቢው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሶፊያ ይዛኝ ወደ ትንሣኤው ሄድን። ደጁ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ሶፊያ እግሬን አይታ ቀድማኝ ገባች። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ሽማግሌ ግን ጫማዬን አንሥቶ «የጠፋ ዕቃ» ብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጃንጥላውን ዘረጋሁለት። ከሶፊያ ጋር በግሪክኛ ረዘም አድርገው ተነጋገሩ።

«ምን አለ?»

«ምን እናደርግበታለን ነው የሚለው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከፈለግሽ ግን ዕቃ ቤት፣ ከመሰላሉ ጋር እናስቀምጥልሻለን ብሏል።»

መሰላሉ ይታየኛል፤ ቀለም ተረጭቶበታል። ጃንጥላውን አጠፍኩ፤ ጫማዬንም ከጠረጴዛው ላይ ተቀብዬ ወጣሁ። ደጅ ላይ ቆሜ ማዶ ያለውን ኮረብታ አየሁ። ኃይሉ ተነሥቶ የቆመው ለዚያኛው ነው። ስለ ቀኖናው አላውቅም፤ ያንን ግን አውቃለሁ። ሶፊያን ወደ ቤት ላክኋትና ብቻዬን ሄድኩ።

መንገዱ ደረጃ ብቻ ነው፤ መኪና አይገባም። ኖራ በተቀባ ግድግዳ መካከል፣ ድመት በየበሩ ተኝቶ፣ ላቤ እየወረደ፣ ጥቁር ልብሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ። ሙት ዓመቱ ገና ስላልወጣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነኝ። በየመታጠፊያው እየቆምኩ «ልመለስ?» እላለሁ፤ መመለሻዬም እንደ መውጫዬ ይጠፋኛል።

ላይ ስደርስ አንድ ያረጁ ቄስ ደጅ ላይ የአበባ ማሰሮ ውኃ ያጠጣሉ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ያነሰ ነው። በእጄም በአፌም ነገርኳቸው፤ ባሌ፣ መርከብ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ መስኮት፣ ስለት። ሞቷል ስል በደንብ ገባቸው። የሚበጀኝን ከመናገር እውነቱን ልናገር ብዬ «እሱ ካቶሊክ አልነበረም፣ እኔም አይደለሁም» አልኩ።

«ሳን ጆርጂ ግን አውቆታል» አሉ፤ ወይም እንደዚያ ያሉ መሰለኝ።

ይዘውኝ ገቡ። ጃንጥላውን ራሳቸው ዘረጉት፤ ዘርፉ እየተወዛወዘ በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ አለ። ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው ይዘውት ቆሙ። እኔም ቆምኩ። በእኛ አገር ስለት ሲገባ ቄሱ «እገሌ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ አስገብቷል» ብሎ ይናገራል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ያኔ ነው ስለቱ ገባ የሚባለው። እዚህ ሕዝብ የለም። ሁለት ቱሪስቶች ብቻ፣ ካርታ ይዘው።

ሐዘንተኛ እልል አይልም። አውቃለሁ። ኃይሉ ከሞተ ወዲህ ለሳራ ምረቃ እንኳ አፌን በነጠላ ይዤ ነው የቆምኩት። ግን ማን ይበልለት? እጄን አፌ ላይ ጣል አድርጌ እልል አልኩ። አንድ ጊዜ ከወጣልኝ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ግድግዳው እየመለሰ ብዙ ሰው አደረገኝ። ቄሱ ደንግጠው ጃንጥላው ዘንበል አለባቸው። ቱሪስቶቹ አጨበጨቡ። እልልታው ወደ ልቅሶ ሲለወጥ ማጨብጨባቸውን ተዉ።

ቄሱ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው አንድ ነገር አሉ። ረዥም አይደለም፤ በእንግሊዝኛም አይደለም። ተቀብያለሁ ይሁን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይሁን፣ በቃ አታልቅሽ ይሁን አላውቅም። ለሶፊያ ልነግራት ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ፤ ስደርስ ግን ከቃሉ አንዱም አፌ ላይ የለም። «እስቲ በምን ይጀምራል?» ትለኛለች። በምን እንደሚጀምርም አላስታውስ።

ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ ማግስት እትዬ በላይነሽ ኮል አደረጉ።

«አስገባሽ?»

«አስገባሁ፣ እትዬ።»

«ከየትኛው?»

«ከተሳለበት።»

«እልል ተባለለት?»

«ተባለ።»

«ብዙ ሰው ነበር?»

«ቤቱ ሞልቶ ነበር» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ የደስታ ይሁን የሌላ አልለየሁም፤ ካርዳቸው አልቆ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል አላነሡም።

የገባ ይሁን ያልገባ፣ ኃይሉ ከደጅ ይግባ አይግባ፣ ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው አለ፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። እስካሁን አልነገርኳቸውም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወረፋ ይዤ እቆማለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ሌላ ኃጢአት እነግራቸዋለሁ።