ማጥፊያ የሌለው ጫጫታ

ሙያዬን ለለቡ ሰፈር ሰው ማስረዳት ከሙያው ይከብዳል። እጅግ ሩቅ ቦታ ሁለት የሞቱ ኮከቦች ሲጋጩ ኅዋ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ንዝረቱ እኛ ጋ ሲደርስ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ፣ እሱን እንዲያዳምጥ ባሕር ማዶ የተሠራው መሣሪያ ነፋሱንም ከባድ መኪናውንም አብሮ ይሰማል። የእኔ ቢጤው ተግባር የዚህን የማይፈለግ ጫጫታ ምንጭ አድኖ ማግኘት ነው። ይህን ሁሉ ለአከራዬ ለእትዬ ባስረዳቸው በአዘኔታ አዩኝና፣ «ጫጫታ ከፈለግህ እዚሁ ሰፈር ምን አነሰህ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከአጥራችን ወዲያ ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ቀኑን ሙሉ ያጓራል። አከራዬና የጓሮዋ ተከራይ ደግሞ፣ አንዷ ኦርቶዶክስ አንዷ ጴንጤ፣ የማን መዝሙር ይብሳል በሚል ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል።

ከጫጫታ አዳኞቹ ጋር ለመሥራት በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ሲያዝልኝ፣ እትዬን ግቢውን ጸጥ እንዲያሰኙልኝ ለመንኳቸው። ለዓመታት የተመኘሁት ሥራ ነው፤ ካመለጠኝ አለቀልኝ። ጉድ ነው፣ ማሽኑን ሳይቀር አስቆሙት!

መሐል ላይ ጠያቂዋ ግንባሯን ቋጠረች። «የሚያጉረመርም ነገር ይሰማኛል። ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ፈተናህ ይኸው ነው። ፈልገህ አግኘው» ብላ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች።

የሙያችን ደንብ ሁሉንም በየተራ እያጠፉ ማዳመጥ ነው። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ አምፖሉን አጠፋሁ፣ ቧንቧውን ዘጋሁ። ምንም ለውጥ የለም። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ስናገር ይቀንሳል፣ ዝም ስል ይብሳል። የሚያዳምጠኝ ሰው አለ ማለት ነው። በሩን ከፈትኩ።

እትዬ ዳዊታቸውን ይዘው፣ ጴንጤዋ እጆቿን ዘርግታ፣ ጎን ለጎን ተንበርክከው ይጸልያሉ።

«ዝም ስትል ልባችን ወደቀ! ቪዛውን ከለከሉህ እንዴ?» አለች ጴንጤዋ። ለካ እትዬ ማሽኑንም ያስቆሙት «ልጃችንን ኤምባሲ እየጠየቀው ነው» ብለው ኖሯል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ምንጩን አግኝቼዋለሁ።»

«ማጥፋት ይቻላል?»

«አይቻልም። ለእኔ እየጸለዩ ነው።»

ጠያቂዋ ሳቀች። ከዚያ ጥያቄዋን ቀጠለች፤ ጸሎቱም ቀጠለ።

ተቀበሉኝ። ስነግራቸው ግቢው በእልልታ ተናጋ። «በረራው መቼ ነው?» አለች ጴንጤዋ።

«በረራ የለም። እዚሁ ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው።»

እልልታው ቀጥ አለ። «ያን ሁሉ ጮኼ እዚሁ ለቡ?» አለች።

እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ይቅር በይኝ እህቴ፤ እኔ እንዳይሄድ ነበር የምለምነው።»

እኔ አዋቂው ደግሞ አንድ ጫጫታ ነው ብዬ ነበር።