ጨው የሌለው ግድግዳ

ባለፈው ቅዳሜ ጎባ የተከራየሁትን ክፍል ቀለም እየቀባሁ ነበር። ሩሎውን የተዋስኩት ከጎረቤት ነው፤ ቀለሙ ሱቅ ሲያድሱ የተረፈ ግማሽ ባልዲ፤ መሰላል ስለሌለኝ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ጭኜ ነው የቆምኩት። አከራዬ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ግድግዳውን።

«ማን ሊመጣ ነው?» አሉኝ።

«ማንም።»

«እንዲሁ ቀለም?»

«እንዲሁ።»

አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። እኛ አካባቢ ቤት የሚቀባው ወይ ሊሸጥ ሲል ነው፣ ወይ ከዓረብ አገር ሰው ሲመጣ፣ ወይ ሽማግሌ ሲጠበቅ። ግድግዳው ስለቆሸሸ ብቻ ቀባሁት የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። አከራዬ ከሄዱ በኋላ ሩሎዬን ባልዲው ላይ አጋድሜ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንደ እሳቸው ጠርጥሬ የእናቴን ትዳር ላፈርሰው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሮቤ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እኔና እናቴ የምንኖረው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ እሷ ገበያ ገብስና ምስር ትሸጣለች፣ እኔ እማራለሁ፣ እጨቃጨቃለሁም። ወሩ ጥር ነበር። ስንዴው ተሰብስቦ አልቋል፤ ጭድ የጫኑ ጋሪዎች ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ከሰዓት ደግሞ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰኞ እናቴ አንድ ከረጢት ኖራ በጋሪ አስጭና መጣች።

«ቤቱን እንቀባለን» አለች።

«ለምን?»

«ቆሽሿል።»

«ከቆሸሸ ስድስት ዓመቱ ነው። ዛሬ ነው የታየሽ?»

«ሐያት፣ ከረጢቱን ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ።

ቀለም ቀቢ ለመጥራት አቅም የለንም፤ ሥራው በሁለታችን እጅ ነው። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን በጭቃና በጭድ ደፈንን። ለብሩሽ ቃጫ ቆርጠን እንጨት ላይ አሰርን። ከታች፣ ዝናብ ጭቃ የሚረጭበትን ክንድ የሚያህል ቦታ፣ ወደ ገሰራ ከሚወስደው መንገድ ዳር የቆፈርነውን ቀይ አፈር በጥብጠን ቀባነው። ማንም ሲያየው ከሱቅ የተገዛ ቀለም ይመስለዋል። ኖራው ግን ጥበብ አለው። በወንፊት ይነፋል፣ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ ጨው በሙቅ ውሃ ሟምቶ ይጨመርበታል፣ ትንሽ ኮላም። ጨውና ኮላ ከሌለው ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይደርቅና የነካውን ሁሉ ዱቄት ያስመስላል። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ መበጥበጡንም ለእኔ ሰጠችኝ። ስህተቷ ይሄ ነበር። ወይም ያኔ ስህተት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ጎረቤታችን አዴ ሙና በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ፈገግ አለችልኝ። አዴ ሙና በነጻ ፈገግ አትልም። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ ጊዜው ደረሰ» አለችና የምን ጊዜ እንደሆነ ሳትነግረኝ ወረደች። ረቡዕ እናቴ ግማሽ ጣሳ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ለበሩ ይዛ መጣች። ከየት እንዳመጣችው ብጠይቃት «ተርፎ ነው» አለች። ከማን እንደተረፈ አልተናገረችም። ሮቤ ውስጥ ያንን አረንጓዴ የተቀባ በር አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ የጋሽ ከድር ወፍጮ ቤት።

ጋሽ ከድር ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት የያዘ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጎሮ ሱቅ የከፈተ ልጅ አላቸው። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ረጅም ልጅ ነው። ሐሙስ ዕለት እናቴ «እሑድ የትም እንዳትሄጂ፣ አጎትሽ ከገሰራ ይመጣል» ስትለኝ ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ኖራ፣ የአዴ ሙና ጥርስ፣ የወፍጮ ቤቱ ቀለም፣ አጎቴ አብደላ። ሊድሩኝ ነው።

ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ቀጥ ብዬ ጠየቅኋት።

«እሑድ ማነው የሚመጣው?»

«እንግዳ።»

«የምን እንግዳ?»

«እንግዳ እንግዳ ነው፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ የምትጠራኝ ወይ በጣም ስትወደኝ ወይ አንድ ነገር ስትደብቀኝ ነው። ፊቷን ደግሞ ወደ ምድጃው አዞረች። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

የቀረን የእንግዳው ክፍል ብቻ ነበር። እኛ ቤት ሶፋ የለም፤ እንግዳ ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ይቀመጥና ጀርባውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ዓርብ ጠዋት እናቴ ገበያ ስትሄድ ኖራውን በጠበጥኩ። ጨዉን አልጋ ሥር ከተትኩ። ኮላውን ከጨዉ አጠገብ። ውሃውን አበዛሁት። ፍራሹ የሚዘረጋበትን ረጅሙን ግድግዳ ብቻ በዚያ ቀባሁና፣ ለቀሪው ሦስት ግድግዳ ጨዉንም ኮላውንም አውጥቼ እንደ ደንቡ ሠራሁት። ለምን ሁሉንም እንዳላበላሸሁ አላውቅም። ምናልባት ቤቱ አሳዝኖኝ ይሆናል።

ሲደርቅ እንዴት ያምር እንደነበር። የአራቱም ግድግዳ ንጣት አንድ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው። «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ዓይኗን ላለማየት ብሩሹን ማጠብ ጀመርኩ።

እሑድ ረፋድ ላይ መጡ። አጎቴ አብደላ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከኋላው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ሦስቱም ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። መካከለኛው ሃጂ ኡመር ነበሩ፤ የሰፈራችንን መስጊድ ዓመት በዓመት ኖራ የሚቀቡት ሽማግሌ። እሳቸውን ሳይ ዓይኔ ወደ ረጅሙ ግድግዳ ሄደ። ተቀመጡ። ተደገፉ። ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ በሳህን አቀረብኩ፣ ሻይ ቀዳሁ፤ ከዚያ ጆሮዬን አቁሜ ሁለቱን ክፍል ከሚለየው መጋረጃ ኋላ ቆምኩ።

ስለ ስንዴ ዋጋ ተወራ፣ ስለ ብርዱ ተወራ፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሃጂ ኡመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አብደላ፣ የመጣነው ለወንድማችን ለከድር ነው። እህትህን ዘይነባን ለትዳር እንድትሰጠው።»

ዘይነባ እናቴ ናት።

ምን እንደተሰማኝ በቃል ማስቀመጥ አልችልም። መጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ ይህን አልደብቅም። ቀጥሎ በመጋረጃው ቀዳዳ እናቴን አየኋት። ጥግ ላይ፣ አዲስ ሻሽ አስራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ ተቀምጣለች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ከዚያ ስለ ግድግዳው አሰብኩ።

ለዙህር ሶላት ሲነሱ የሦስቱም ጀርባ ከአንገት እስከ ወገብ ነጭ ነበር። አጎቴ «ሱብሐነላህ» ብሎ ሊያራግፍላቸው ሲሞክር ይበልጥ አዳረሰው። አንደኛው ሽማግሌ «ከድር ወፍጮ ቤት ያደርን መሰልን እኮ» አሉ፣ ሌላው ሳቁ። ሃጂ ኡመር አልሳቁም። ጣታቸውን በተደገፉበት ግድግዳ ላይ አስኬዱት፤ ነጭ ሆነ። ሄደው በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነኩ፤ ጣታቸው ንጹሕ ነው። ሦስተኛውንም ነኩ። ንጹሕ።

«ጨው ያነሰው አንዱ ብቻ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዳ የሚደገፍበት። ማነው የበጠበጠው?»

ዝም አልኩ። መቼም በሕይወቴ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ያን ዕለት ዝም አልኩ። እናቴ ወደ መጋረጃው አየች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጨው አልቆብኝ ነው።»

እኔን ለማዳን ነው ያለችው። ሽማግሌዎቹ ግን የሰሙት ሌላ ነው። እምቢ ለማለት ያፈረች ሴት በግድግዳዋ መለሰችልን ብለው ነው የገባቸው። ተያዩ። ሃጂ ኡመር «እንግዲህ እናስብበት፤ ኸይር ከሆነ አላህ ያመጣዋል» አሉ። ይህ አባባል መንገድ መዝጊያ እንደሆነ ሮቤ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ጫማቸውን አድርገው ወጡ። አጎቴ እናቴን «አዋረድሽኝ» ብሎ ለአዳር እንኳን ሳይቆይ የገሰራ መኪና ሊፈልግ ሄደ። እናቴ ሳህኖቹን ሰበሰበች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ግድግዳውንም ዞራ አላየችም።

ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ከድር ማሽኑን አጥፍተው ከነቅንድባቸው ዱቄት አዩኝ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«እናትሽ ናት?»

«አይደለችም። ግድግዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለጎሮው ልጅዎ ሊሰጡኝ መስሎኝ ነው።»

ብዙ አዩኝ፤ የምዋሽ ከሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። «ለጀማል?» አሉ በመጨረሻ። «ጀማል ከእኔ ጋር እንኳን መኖር አልቻለም፣ ካንቺ ጋር ሊኖር?»

«እማዬ እምቢ አላለችም። ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«እምቢ ካላለች፣ አንቺስ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አላውቅዎትም» አልኳቸው እውነቱን።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅር ያላቸው አይመስሉም። «ልክ ነሽ። ግድግዳውን ፋቂና እንደገና ቅቢው። ጨው አድርጊበት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።»

ፋቅሁት። ኖራው ዓይኔን እያቃጠለኝ እስከ መሠረቱ ፋቅሁት፤ ውሃ አጠጥቼ ባለ ጨዉን ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። እናቴ ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ሙቅ ውሃ ግን አቀረበችልኝ። ዓርብ ጋሽ ከድር እንደ ሌሊት የጠቆረ ኮት ለብሰው ከሃጂ ኡመር ጋር መጡ። ሰላም አሉ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ጥብቅ አድርገው ሻያቸውን ጨረሱ። ከዚያ ጋሽ ከድር ተነሡና ጀርባቸውን ለእናቴ ሰጡ።

«ዘይነባ፣ እስቲ እዪው» አሉ።

እናቴ አየች። ምንም አልነበረበትም። አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ሳቀች፤ ሃጂ ኡመርም አጎቴን ከገሰራ እንዲያስጠሩ ሰው ላኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ከድር ዛሬም ቤቴ ሲመጡ ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳውን በጣታቸው ይነኩና ጣታቸውን ያዩታል፣ ከዚያ እኔን። ቀለሙ የሱቅ ቢሆንም ያው ነው። ፈጽሞ አላመኑኝም፤ እኔም ባምናቸው እስከ ግማሽ ነው። በዚህ ተስማምተን እንኖራለን።

ግን ቅዳሜ ዕለት፣ ቀለሙ ሩሎው ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ያልተመለሰልኝን ነገር አሰብኩ። ያ ክፍል ጠባብ ነው። እናቴ ከዓርብ እስከ እሑድ ፍራሽ ስትዘረጋ፣ ትራስ ስትደረድር በዚያ ግድግዳ ሥር ስንት ጊዜ ተመላልሳለች። ኖራ ያስተማረችኝ ሴት ትከሻዋ አንድ ጊዜ እንኳን አልነጣም? አውቃ ከሆነ ለምን ዝም አለች? እኔ እስክናገር እየጠበቀች ነበር? ወይስ እኔ እሺ ሳልል ላለመሄድ ወስና፣ ሽማግሌዎቹን በእኔ እጅ ነው የመለሰቻቸው?

ደወልኩላት። ቤት እየቀባሁ ነው አልኳት፣ ከዚያ ጥያቄዬን ቀጥ አድርጌ ጠየቅኋት። ከጀርባዋ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል።

«ማን ሊመጣ ነው?» አለችኝ።