የረጅሙ ሌንስ ጣጣ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ሠራተኛ ሳለሁ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ሩሲያዊ አስተማሪ ካሜራውን በርካሽ ሊሸጥልኝ ተስማማ። ሌንሱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ ይወጣና ሌላ ይገባበታል። ሁለት አቀረበልኝ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ክንድ የሚያህል ረጅም። አቅሜ ለአንዱ ብቻ ነበር። ሰውየው በተሰባበረ አማርኛ፣ "አጭሩን ውሰድ፤ ሰው የምታነሣው በእሱ ነው" ቢለኝ፣ የእኔ ልብ ጣና ላይ ነበር። ከዳር ቆሜ መሐል ሐይቅ ያለ ጉማሬ ላነሣ! ረጅሙን መረጥሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚሉት ለእኔ ቢጤ ነው።

ወር ሳይሞላ የጎረቤቴ የእማማ አንድያ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። እናቱን እንዲሰናበት ቀበሌው ለአንድ ሰዓት ለቀቀው፤ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ በራፉ ላይ ቆመ። ከግቢ መውጣት ክልክል ነው። ካሜራዬን ይዤ ስገባ፣ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ልጁን ከጎናቸው አግዳሚው ላይ አስቀመጡና፣ "በል ልጄ፣ ባንድ ላይ አንሣን፤ እኔና እሱ አብረን የተነሣነው የለንም" አሉኝ።

በካሜራው ሳይ ክው አልሁ። ረጅሙ ሌንስ ሁሉን አቅርቦት፣ የሚታየኝ የልጁ ግንባርና አፍንጫ ብቻ! ወደ ኋላ አልሁ፣ አሁንም አልሁ፣ ጀርባዬ የቆርቆሮ አጥሩን ነካ። ቢጠጋጉም ያንዳቸው ፊት ይቆረጣል። እዚያ ላይ ጠባቂው "ሰዓት!" አለ። በድንጋጤ ልጁን ብቻውን አነሣሁትና፣ "ሲመለስ ከእርስዎ ጋር አነሣችኋለሁ" አልኋቸው።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የልጁ የቅንድብ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዲያውም ኮርቼ ነበር የወሰድሁላቸው። እማማ ግን ገና ሲያዩት ወረቀቱን በፊቱ ደፉት።

"ይኸማ የለቅሶ ቤት ፎቶ ነው" አሉ።

በእኛ ዘንድ ሰው በሕይወት ሳለ ከራስ እስከ እግሩ፣ ከዘመድ ጋር ነው የሚነሣው። ፊቱ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣው ሲለቀስለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ስለ ሌንሴ ሳስብ አንዴም ትዝ አላለኝም።

በዓመቱ መርዶው መጣ። ሐዘን ቤቱ ስገባ ያው ፎቶ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎበት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከለቀስተኛው ጀርባ ልደበቅ ስል እማማ አዩኝ። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ልጄ፣ ካሜራህ አለ?"

"አለ፣ እማማ።"

"እንግዲያ እኔንም አንሣኝ። ከጎኑ ትሰቅለኛለህ።"

በቁማቸው የለቅሶ ፎቶ! ካሜራውን አምጥቼ አጥሩን ተደገፍሁ። እማማ አግዳሚው ላይ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ከጎናቸው ትተው ተቀመጡ። ፊታቸው ብቻውን ካሜራውን ሞላው።