ጨለማ ያጣው ማይክሮስኮፕ

እትዬ መቀስ የሚለው ስም የወጣላት በሙያዋ ብቻ አይደለም፤ በአፏም ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከጫማ ጠጋኙና ከሰዓት አዳሹ መሀል የተሰነቀረች፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ አግዳሚ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረች። ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ጉልበቱ ከመኪናው ጋር ይጋጫል። እሷ ታዲያ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ መኪናዋን እየረገጠች የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ትተረትራለች። ማንም አይቀየማትም ነበር። ያለችውን ብትል የተቀበለችውን ልብስ አሳምራ፣ ባለችው ቀን ታስረክባለቻ።

እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ነበረች። ታናሽ እኅቷ ሚጡ ደግሞ ጡት ከጣለች ብዙም አልቆየችም። ትምህርቷን ትታ አንድ ሰፊ ዘንድ ገባችና ቁልፍ መትከል ጀመረች፤ ከዚያ ዘምዛሚ ሆነች፣ ከዚያ እጅጌ ገጣሚ። ሚጡን በቁርጥራጭ ጨርቅ አሳደገቻት ቢባል ውሸት አይሆንም። ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት የምትለብሳት ቀሚስ ፊቷ ሌላ፣ ጀርባዋ ሌላ ነበር። ልጆቹ ሲስቁባት እየሮጠች መጥታ እትዬ ጉያ ውስጥ ትወሸቃለች። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳም ለእትዬ መቀስ ያቺው የጉያዋ ልጅ ናት።

ሚጡ ማሳል ስትጀምር መጀመሪያ የደነገጠችው እሷ ናት። አንድ ቀሚስ ከጎንና ከጎን አጠበበችላት። ጥቂት ቆይቶ ያው ቀሚስ ተመልሶ መጣ። እንደገና ሲመጣ እትዬ መቀስ ስፌቱን እየፈታች፣ ከዚህ በላይ ካጠበብኩት ሁለቱ ኪሶች ከኋላ ሊገናኙ ነው ብላ ቀለደች። ሚጡም ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረና አልቆም አለ፤ መኪናውን ተደግፋ እስኪያልፍላት ጠበቁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቀሚስ የቀለደ የለም።

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሚጡ አክታ ሰጠች፤ የሳንባ ነቀርሳ የለብሽም ተባለችና የሳል ሽሮፕ ይዛ ተመለሰች። ሽሮፑ አለቀ፣ ሳሉ ባሰ። ደግመው ሄዱ፤ መልሱ ያው፣ ሽሮፑ ብቻ ቀለሙ ሌላ። ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ ቢሉ ከጤና ጣቢያው ወረቀት አምጡ ይባላል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ምንም ላላገኘበት ሰው ወረቀት አይጽፍም። በዚህ መሀል ሚጡ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቁጭ የምትል ሰው ሆነች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ የላቦራቶሪው ባለሙያ ሚጡን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና እትዬ መቀስን ወደ ውስጥ ጠራት። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በዚህ ባለን ማይክሮስኮፕ በሽታውን የሚያመጡት ተዋሲያን ጥቂት ከሆኑ ሊያመልጡኝ ይችላሉ አላት። በአዲሱ ቢሆን ኖሮ ግን ጥሩ ነበር። የቱ አዲስ ስትለው በአገጩ ጠረጴዛ ሥር አመለከታት። አንድ ካርቶን ተቀምጧል፤ በላዩ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ክብ ምልክት አለ።

እሱም ነገሩን እንዲገባት አድርጎ አስረዳት። አክታው በልዩ ቀለም ይነከራል፤ ማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራበት ቀለሙን የያዘው ተዋሲ ብቻ በጥቁሩ መሀል እንደ አብሪ ትል ቦግ ይላል። በአሮጌው ማይክሮስኮፕ፣ ዓይን እስኪቀላ የሚፈለገው እዚህ ቶሎ ይገኛል፤ በአንድ እይታም ሰፊ ቦታ ይታያል። ችግሩ ክፍሉ መጨለም አለበት። የላቦራቶሪው መስኮት ደግሞ ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበል፣ ግድግዳውን የሚያክል መስኮት ነው።

"መጋረጃ ነው የጠፋው?" አለች።

"አዎ እትዬ። ጠይቀናል።"

"ጨርቅ የሆነ፣ የሚሰፋ መጋረጃ?"

"ወፍራም ጥቁር ጨርቅ። ብርሃን የማያሳልፍ።"

ከአምና ጀምሮ ነው የተጠየቀው። የሕክምና ዕቃ የሚገዛው ክፍል መጋረጃ የቢሮ ዕቃ ነው አለ። የቢሮ ዕቃ የሚገዛው ደግሞ ለማይክሮስኮፕ ከሆነ የሕክምና ዕቃ ነው ብሎ መለሰው። ካርቶኑም ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የሻይ ማስቀመጫ ሆነ።

ለእትዬ መቀስ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ቀድዳ ለበላች ሴት፣ እኅትሽን የሚገድላት የጨርቅ እጦት ነው መባል ከስድብም ስድብ ሆነባት። በቀጥታ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገባች። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበላት፣ እናቴ እያለ አናገራት። አሠራር አለው፣ የመንግሥት መስኮት ላይ ማንም መጥቶ የፈለገውን አይሰቅልም፣ እባክዎ ይታገሡ አላት። ለማያስል ሰው ትዕግሥት ቀላል ነው ብላው ወጣች። በሩንም አልዘጋችለትም።

ሱቋ ስትደርስ የሚጡ አማት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ትጠብቃታለች። ንጽሕናና ሥርዓት የምትወድ፣ ነገር ሳይደርስ የምትሰናዳ ሴት ናት። ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ጥቁር ጨርቅ አወጣች፤ ወፍራም፣ ደኅና ጨርቅ ነው። ቀሚስ ስፊልኝ አለች። እትዬ መቀስ ማን ሞተብዎ ብላ ደነገጠች።

"ኧረ ማንም አልሞተብኝ። ነገሩ በድንገት ሲመጣ ሰው ይዋከባል ብዬ ነው፣ ልጄ። አንቺም ያኔ መስፋት አይሆንልሽም።"

እትዬ መቀስ ከንፈሯ ላይ የነበሩትን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች። ሚጡ በሕይወት እያለች፣ ለልጇ ምሳ እያቀረበች፣ ለሞቷ የሚለበሰው የሐዘን ጨርቅ ተገዝቶ ቆይቷል። ብድግ ብላ ጨርቁን በሩ ላይ ዘረጋችና ወደ ፀሐይ አየችበት። ቅንጣት ብርሃን አያሳልፍም።

"ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ይተዉልኝ" አለች።

አማቲቱ ልትለካ እጇን ስታነሳ፣ አያስፈልግም ብላ ሸኘቻት።

የላቦራቶሪውን መስኮት አንዴ አይታዋለች፤ ይበቃታል። ሱቋ ውስጥ ያላትን ጥቁር ጨርቅ ጨምራ፣ ደርባ ሰፋችው፣ ዘንግ የሚገባበት አበጀችለት። እንዲህ ያለ ስፌት ሰፍታ አታውቅም፤ መኪናውን የምትረግጠው የሰው ደረት የምትረግጥ ይመስል ነበር። በማግስቱ ከጫማ ጠጋኙ መዶሻና ሚስማር ተውሳ፣ ሚጡን አስከትላ ጤና ጣቢያ ገባች። ባለሙያው ፈቃድ ሊል ሲጀምር በርጩማው ላይ ወጥታ ነበር። የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ኃላፊው መጣ፣ ማን ፈቀደ አለ። ሚስማሩ አፏ ውስጥ ነውና መምታቷን ቀጠለች። የመጨረሻውን ሚስማር መትታ ከወረደች በኋላ ግን እርስዎ ማለቱን ጣል አድርጋ ተናገረች።

"ማን ከለከለ? የከለከለውን ሰው ቤት አሳየኝ። እኅቴ ከሞተች ድንኳኑን እዚያ ነው የምተክለው።"

ሰውየው መጋረጃውን አየ፣ ሚጡን አየ። ለጊዜው ይሁን ብሎ ሄደ።

ካርቶኑ ተከፈተ። ሚጡ እንደገና አክታ ሰጠች። ሁለቱ እኅትማማቾች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሚጡ ራሷን እትዬ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። በመጨረሻ ባለሙያው ብቅ አለና እትዬ መቀስን ወደ ጨለማው አስገባት፤ ዓይንሽን እዚህ አድርጊ አላት። ጥቁር ብቻ ነበር። ቆየት ሲል በጥቁሩ ላይ ጥቃቅን ብጥስጣሽ ክሮች ብቅ አሉ፤ አረንጓዴ ቢጫ፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ጎበጥ ያለ፣ ሁሉም የሚያበሩ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ክር አይታ አታውቅም፤ ያማረ ነበር። ማማሩ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። የእኅቷን ሥጋ ሲበላ የከረመው ይኼ ነው፤ ለመታየት የጠበቀውም አንድ መጋረጃ።

ሚጡ አለብሽ ስትባል በደስታ አለቀሰች። በሽታ አለብሽ ተብሎ ደስ የሚለው ሰው መኖሩን እዩት። መድኃኒቱን በየቀኑ እዚያው በሐኪም ፊት መዋጥ አለብሽ ተባለች፤ የመጀመሪያውንም እዚያው ሰጧት። አማቲቱ ጨርቋ የት እንደዋለ ስትሰማ ለወራት እትዬ መቀስን ሰላም አላለችም፤ ያም ለእትዬ መቀስ ዕረፍት ነበር።

ኃላፊው ግን በሳምንቱ ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። ያን ዕለት እኅትማማቾቹ ለመድኃኒቱ መጥተው ነበር። የኅብረተሰብ ተሳትፎ የሚባል ነገር አለ፣ እናቴ፣ መጋረጃው አጠገብ ይቁሙልን አላት። እትዬ መቀስ አልተነሳችም። ካርቶኑ ጠረጴዛ ሥር በከረመበት ጊዜ ስንት ሰው ሽሮፕ ይዞ ወደ ቤቱ እንደሄደ ጠየቀችው። እሱ ወደ ባለሙያው ዞረ፤ ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

"እነሱን ፈልጋችሁ አምጡ። ያኔ ከነሱ ጋር እነሳለሁ" አለች።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን እንደያዘ ቀረ። ሚጡ ክኒኗን በውሃ ዋጠች፣ ብርጭቆውን መለሰችና የእኅቷን ክንድ ያዘች። በደረጃው ቀስ እያሉ፣ እያረፉ ወረዱ።