የተዝካሩ ብድር

እህቴ የአባታችንን ተዝካር ያወጣችው በስልክ ተበድራ ነው። እኔ በሬው ሲታረድም፣ ካህናቱ በልተው ሲመርቁም ይህን አላወቅሁም። ኮሶዬ ገጠር ያለው አባታችን ቤት የመጣው ሰው ሁሉ "ሸጋ ተዝካር ነው" እያለ ሲወጣ፣ ደረቴን ነፍቼ ስሸኝ ዋልኩ።

ያወቅሁት ጎንደር እኔ ዘንድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነው። መልእክት በገባ ቁጥር ስልኳን ደፍታ ታስቀምጠዋለች። ነጥቄ አየሁት። የመክፈያው ቀን አልፎ ቅጣቱ ወለዱ ላይ ተቆልሏል።

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርህ ዳቦና ጠላ ይበቃል ትለኝ ነበር" አለች።

እውነቷን ነው፤ እል ነበር። ይኸው ነው የባሰ ያናደደኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ እንኳ የሰው ስልክ ሲጮህ የሷ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። በመጨረሻ የዕቁባችንን ዳኛ ደጅ ጠንቼ ተራዬ እንዲቀድምልኝ አደረግሁ። የቤቴን ክዳን ላስቀይርበት የነበረ ገንዘብ ነው። በእጇ አልሰጠኋትም፤ ስልኳ ላይ አስገብቼ፣ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ራሴ ከፈልኩ።

እፎይ ከማለቴ መልእክት ገባ። አንገቷን አስግጋ ከእኔ ቀድማ አነበበችው። ብድርዎን ስለከፈሉ ከዛሬ ጀምሮ የበፊቱን እጥፍ መበደር ይችላሉ ይላል።

ስልኩን መለስኩላት። መልእክቱን ደግማ አነበበችና፣

"ሙት ዓመቱ እኮ ደረሰ" አለች። "ለሱ እንኳ በሬ አናርድም፤ በግ ይበቃል።"