አጎቴ ያሳየኝ ፏፏቴ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ደጅ የተከመረውን የአስታ ቁጥቋጦ ማገዶ ዝናብ መታው። እርጥቡ ቅጠል መሽተት ሲጀምር፣ ከገመድ ላይ ልብስ ላወርድ የዘረጋሁት እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ልቤ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣ። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ሁለቱንም አብሮ ነው የሚያመጣብኝ።

ያኔ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መካነ ሰላም ዳር ላይ እናቴ፣ አያቴና እኔ አብረን እንኖር ነበር። አባቴን አላስታውሰውም፤ ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። የእሱን ቦታ ይዞልኝ የነበረው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ዲያቆኑ አጎቴ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። የሰፈር ሰው ሲጣላ ‹‹እሱ ይፍረደን፣ እሱ አይዋሽም›› ተብሎ የሚጠራው እሱ ነበር። እኔም ከእሱ አፍ የወጣውን ሁሉ እንደ ቅዳሴ አምን ነበር።

አጎቴ ቆሎ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ያገኘው አንድ ፏፏቴ ነበር። ከሩቅ የሚመጡ ጎብኚዎች ገደሉ አፋፍ ላይ መኪና አቁመው፣ ጭላዳ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ። ከዚያ በታች፣ ጫካው ሆድ ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚነግራቸው የለም። ‹‹መቼ ነው የምትወስደኝ?›› እለዋለሁ። ‹‹እግርሽ ይጠንክርና›› ይለኛል። እንዲህ ስንባባል ዓመት አለፈ።

አንድ ጠዋት እናቴ ቀሰቀሰችኝና ፀጉሬን ቀስ ብላ ሠራችኝ። ሌላ ጊዜ ስትሠራኝ ትቸኩላለች፣ ያመኛል፤ ያን ቀን አላመመኝም። ቂጣ ቅቤና በርበሬ ቀብታ በጨርቅ ቋጠረችልኝ።

‹‹በዓል ነው እንዴ?››

‹‹ከአጎትሽ ጋር ፏፏቴው ጋ ልትሄጂ ነው።››

ጮኼ ዘለልኩ። የሸራ ጫማዬን ክር አሰረችልኝ፣ ከዚያ ፈታችውና እንደገና አሰረችው። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ለመሄድ ስለቸኮልኩ ፊቷን አላየሁትም።

በመንገዳችን ላይ ያለው አስታ ከእኔ ቁመት በላይ ነበር፤ ጤዛው ልብሴን አራሰው። ጫካው ውስጥ ስንገባ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያወዛወዙ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የዛፍ ሥር እየያዝን በቁልቁለቱ ወረድን። ‹‹እኔ የረገጥኩበትን ብቻ ርገጪ›› አለኝ።

‹‹እማዬ ለምን አልመጣችም?››

‹‹መንገድ አለባት።››

‹‹ከላላ ገበያ ነው?››

‹‹ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ እጄን ያዢ›› አለኝ። ያዝኩት።

ውሃው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ ከእግሬ በታች መሬቱ የሚያጉረመርም መሰለኝ። አጎቴ ዓይኔን አስጨፍኖ ጥቂት አስኬደኝ፤ ፊቴን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካኝ ‹‹በይ ክፈቺ›› አለኝ።

ውሃው ከጥቁር ቋጥኝ አናት ላይ ይለቀቅና መሀል ላይ ድንጋይ ገጭቶ ጭስ ይሆናል። በዛፎቹ መሀል የገባችው ፀሐይ ጭሱ ላይ የማርያም መቀነት ሠርታበታለች። እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። ሳቅኩ፣ ጮህኩ፣ ድምፄን ውሃው ዋጠው። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ይሄን ስናገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቂጣችንን በላን። ‹‹እንሂድ፣ ለእማዬ ልንገራት›› አልኩት። ‹‹ትንሽ እንቆይ›› አለኝ። አጎቴ ውሃውን አላየም፤ ደጋግሞ ቀና እያለ ፀሐይዋን ነበር የሚያየው። ስንመለስም እኔ ሳይደክመኝ እሱ በየዛፉ ሥር ‹‹እንረፍ›› ይል ነበር። እኔ በልቤ ለእናቴ የምነግራትን አዘጋጃለሁ፤ መጀመሪያ ጉሬዛውን፣ ከዚያ ድምፁን፣ መጨረሻ መቀነቱን።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አያቴ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራለች። ሰው የሞተ መሰለኝ።

‹‹እማዬስ?››

አንዷ ሴትዮ ጎትታ አቀፈችኝ። ‹‹አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ልትሠራልሽ አረብ አገር ሄዳ ነው። የሚያምር ልብስ ትልክልሻለች።››

ተመንጭቄ ወጣሁ። አጎቴ አጥሩ በር ላይ ቆሟል፤ ወደ ግቢው አልገባም።

‹‹አንተ ታውቅ ነበር?››

‹‹እንዳታለቅሺባት ብለን ነው›› አለኝ ወደ መሬት እያየ። ‹‹ስታለቅሺ ብታይሽ አትሄድም ነበር።››

‹‹ታዲያ ባትሄድስ!››

ሰፈሩ ሁሉ፣ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ያውቁ ነበር። እኔ ጭስ ላይ የማርያም መቀነት እያየሁ ስስቅ እናቴ መኪና ላይ ነበረች። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ዞር ብዬ ሳስበው፣ አጎቴ ያን ቀን አንድም ውሸት አልተናገረም። መንገድ አለባት ነው ያለኝ። ነበረባት።

ከዚያ ወዲህ እሱ በአንዱ በር ሲገባ እኔ በሌላው እወጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ቅስና ተቀብሎ ወደ ኩታበር ሄደ። ሲመጣ መስቀሉን እሳለማለሁ፤ አንገቱ ላይ ግን ተጠምጥሜ አላውቅም። እሱም አይጠይቀኝም። እኔም ትልቅ ሴት ሆኜ እንኳ፣ ሰው ያለ ምክንያት ‹‹ነይ ወጣ እንበል›› ሲለኝ መጀመሪያ የማስበው ቤት ማን እንደሚቀር ነው።

እናቴ የተመለሰችው እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። የሰው ቤት ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ጉልበቷ አልቋል። አንድ ቀን ‹‹ያን ውሃ አሳዪኝ›› አለችኝ። በበቅሎ ጫካው አፋፍ ድረስ ወሰድኳት። ቁልቁለቱን ስታየው ግን ራሷን ነቀነቀች።

‹‹ይሄን እግር ይዤ አልችለውም። አንቺ ውረጂና አይተሽው ነይ። እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ፣ ወላሂ የትም አልሄድም።››

ከታች ውሃው ይሰማል። እዚያ ከወረድኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ አማረኝ። ሁለት እርምጃ ሄድኩና ዞር አልኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

‹‹አልወርድም›› አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን አውልቃ ድንጋዩ ላይ አነጠፈችና ጠጋ አለችልኝ።