አዝማሪው የወንድሜን ስም ሲቀይር

አጎቴ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው አዝማሪውን ጎትቶ «ተቀበል!» ሲለው ክው አልኩ።

ዛሬ ደምበጫ ሰርግ ላይ ነበርን። ፊት ለፊታችን ጣሊያን ያስታጠቀው ባንዳ ተቀምጧል።

«ደሴ የጫካው አንበሳ፣ በል!» አለው አጎቴ በጆሮው። ደሴ ወንድሜ ነው። አርበኞች ዘንድ ነው ያለው፤ ለሰው ግን «ለንግድ ሄዷል» ነው የምንለው።

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ካልተቀበለ ነውር ነው። ማሲንቆውን ገዝገዝ፣ ባንዳውን አየት አደረገ። ከዚያ በደሴ ስም ፋንታ የባንዳውን ስም አግብቶ ለቀቀው።

ባንዳው ተነስቶ እስክስታ ወረደ። (ትከሻው ግን ይችላል፣ አልዋሽም።)

«ስም ሳትክ እኮ!» አጎቴ ተቆጣ።

«ይማሩኝ ጌታዬ፣ ጠላው ነው» አለ አዝማሪው። ጠብታ አልቀመሰም ነበር።

ሁላችንም በደህና ቤት ገብተናል። እናንተንስ ከዘመድ አፍ ያዳናችሁ አዝማሪ አለ?